ሞተሩን ማን ይፍታው? «ቴስታታ አትንኩ» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው ባለመኪኖች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። ጋራዥ የዋሉ ሰው እንደሆኑ ግን አጻጻፋቸው ይናገራል። ላላነበባችሁት ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው። መኪና ውሃ ከጨረሰና ካሞቀ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል፤ ሌላ ምርመራ ጊዜ ማባከን ነው። ቴስታታ ማውረድ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ቁልፍ አያንሳ። መሣሪያውና ጊዜው ሲደመር ራስን መሥራት ከጋራዥ ይበልጣል። ጋራዥ ዋስትና አለው። ከቪዲዮ የተማረ ሰው ሞተር ይገድላል። ነገሩ ከከፋ ደግሞ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር ይሻላል።

ጽሑፉ የተጻፈው በቅንነት ነው። ሰው ኪሳራ ውስጥ እንዳይገባ ፈልገዋል። ግን ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ሰው ራሱ ኪሳራ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ። ለዚህ ነው ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው የተነሣሁት።

በቅድሚያ ግን ጥያቄው ለምን እንደገነነ እናስታውስ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ግቢያችሁ የቆመችው አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የምትጣል ዕቃ አይደለችም። ብዙ ቤት ውስጥ ከቤቱ ቀጥሎ ያለች ትልቅ ንብረት ናት። «ሞተሯ ይፈታ ወይስ አይፈታ፣ ማንስ ይፍታው» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ቢነሳ አይገርምም።

አሁን ወደ ጸሐፊው።

የመጀመሪያ ነጥባቸው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። «ካሞቀና ውሃ ከጨረሰ ቴስታታ ነው» ይላሉ። አይደለም። ቴስታታ ሊሆን ይችላል። የራዲያተር ክዳንም ሊሆን ይችላል። የማይነሣ ፋን፣ የተጣበቀ ቴርሞስታት (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው)፣ በቧንቧ ውሃ ደለል የተዘጋ ራዲያተር፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ ሁሉም መኪና ያሞቃሉ። አብዛኞቹ ደግሞ ውሃም ያስጨርሳሉ።

በእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወደ 90 ይወርዳል። መኪናችን ይህን የሚቋቋመው በራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ አናት ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። እስከዚያ ግፊት ድረስ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል ማለት ነው። በደህና ክዳን ውሃው እዚህም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሄደ አይፈላም። ክዳኑ ከደከመ ግን ወደ 92 እንመለሳለን። ችግሩ፣ በብዙ ቶዮታ ቴርሞስታቱ 82 አካባቢ ላይ ይከፈትና ፋኑ የሚነሣው 90ዎቹ ውስጥ ገብቶ ነው። እንግዲህ አስቡት። ፋኑ ገና «ልነሣ» ሲል ውሃው ይንተከተካል። በትርፍ ውሃ መያዣው በኩል ይወጣል። መኪናዋ ውሃ ጨረሰች፣ አሞቀች። ጓርኒሲዮኑ ግን ምንም አልሆነም።

እኛ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ከአዳማ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ የቪትዛቸው ቀይ የሙቀት መብራት በራ። ደግነቱ ወዲያው አቁመው ሞተሩን አጠፉ። አስጎትተው የወሰዱበት ጋራዥ ያለው ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ቴስታታ ነው፤ ይውረድ። ነገ ይምጡና እናስጀምርልዎታለን» አላቸው። ክዳኑን እንኳ አልከፈተም። እሳቸው ግን «ሳስብበት ልደር» ብለው መኪናዋን ወደ ቤት አስመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አብረን ክዳኑን ፈታነው። የታችኛው ላስቲክ እንደ ድርቆሽ ጠርዝ ተሰነጣጥቆ ተጣሟል። ጣት ሲነካው ይፈረፈራል። ራዲያተሩን ሞልተን ክዳኑን ሳንመልስ ሞተሩን አስነሣን። አፉ ላይ አጎንብሰን አየን። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ አረፋ የለም። የዘይቱ ዲፕስቲክ (መለኪያ ዘንጉ) ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ፋኑን ስንፈትሽ ሶኬቱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ አይነሣም። ክዳን ተገዛ፣ ሶኬት ተቀየረ። መኪናዋ እስካሁን አዳማ ትመላለሳለች። ቴስታታዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ነው።

ሁሌ ክዳን ነው ማለቴ አይደለም። ጓርኒሲዮን በእውነት ሲቃጠል ምልክት አለው። ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ላይኛ ቱቦ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ከሆነ፣ የሞተሩ ፍንዳታ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፋም እንዲሁ። ካንዴላዎቹን (ብልጭታ ሰጪዎቹን) ስታወጡ አንዱ ብቻ ታጥቦ ከነጣ፣ በዚያ ሲሊንደር ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ጥርጣሬው ይበረታል። ራዲያተር አፍ ላይ ተቀምጦ የተቃጠለ ጋዝ መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ መመርመሪያም አለ፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲሄድ ክርክሩ አለቀ። መሣሪያው ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ለዚህ ምርመራ የምትከፍሉት ገንዘብ አይቆጭም።

ሁለት የሚያሳስቱ ነገሮችን ግን ልንገራችሁ። አንደኛው የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ነው። «ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል» ተብሎ ወዲያው ይፈረዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከቤት ታክሲ ተራ ድረስ ብቻ የምትነዳ መኪና ላይ በእርጥበት ብቻ ትንሽ ሊታይ ይችላል። ዲፕስቲኩ ላይም ካለ ግን አትንዷት። ሁለተኛው የኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ ነው። የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። እዚህ አየሩ ከዚያ በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ንባቡም ያን ያህል ይወርዳል። ጤነኛ ሞተር ተለክቶ «ፋሻው (የፒስቶን ቀለበቱ) አልቋል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ከወደቀ፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አብረው ከወደቁ፣ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን እናውራ።

ይህን ሁሉ ለማየት ሞተር መፍታት አያስፈልግም። የመካኒክነት ወረቀትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ጠዋት ነው። (ቀዝቃዛ ያልኩት በምክንያት ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለንም።) ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ባለቤቱ ምርመራውን ቢያንስ ራሱ ሳያይ «ይውረድ» ማለት የለበትም።

ሁለተኛው ነጥባቸው፦ ቴስታታ ማውረድ የባለሙያ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሥራውን አንድ ወጥ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ወይ ሙሉውን ትሠራለህ ወይ ሙሉውን ትሰጣለህ። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ራሱ ጋራዡም ሙሉውን አይሠራም። ቴስታታውን ያወርድና ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ወደሚሠራበት) ይልካል። እዚያ ይታጠባል፣ በግፊት ስንጥቅ እንዳለው ይታያል፣ ከተጣመመ ማሽን ላይ ይላጣል፣ ባልቦላው (አየርና ጭስ የሚያስገባና የሚያስወጣው) ይሞረዳል። እውነተኛው የባለሙያ ሥራ ያ ነው። ያንን ማናችንም በረንዳ ላይ አንሠራውም። ቴስታታችሁን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላችሁ ቃሊቲ ብትወስዱት ግን ቶርኖ ቤቱ «ማን ፈታው» ብሎ አይጠይቃችሁም።

ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው መፍታትና መግጠም ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው ሥርዓትና ትዕግሥት ነው። ቡሎኖቹ የሚላሉት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከዳር ወደ መሃል በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ሲጠብቁ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር። ይህን የዘለለ ሰው አሉሚኒየሙን ራሱ ያጣምመዋል። ፊቱ የሚለካው ቀጥ ያለ ብረትና ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት መለኪያ ነው። ለብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከፀጉር ያነሰ! ዓይን አያየውም። «ደህና ይመስላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በሙያው የቱንም ያህል ዓመት ቢቆይ፣ አትመኑት።

ሞኖብሎኩ (ከቴስታታው በታች ያለው የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ሌላ ጣጣ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። በጨርቅና በአየር መድረቅ አለበት። በ2ኤንዜድ ሞተር፣ ማለትም በብዙ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1.3 ቪትዞች ላይ ባለው፣ ቡሎኖቹ በመጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ከዚያ እያንዳንዱ 90 ዲግሪ ይዞራል። ከዚያ እንደገና 90። ለዚህ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) የሚለካ ቁልፍ ያስፈልጋል። አሁን ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በየመንደራችን ካሉት ጋራዦች ስንቶቹ ይህን ቁልፍ ይጠቀማሉ? ክንዱን እየነፋ «በቃ ጠበቀ» የሚለውን ልጅ ሁላችንም አይተናል። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲልከን የሚቀባውንም አይተናል። ቁልፉን ተውሶ፣ ወረቀት ላይ የቡሎኖቹን ቁጥር ጽፎ፣ ቀስ ብሎ የሚያጠብቅ ባለቤት ከዚያ ልጅ የከፋ አይሠራም።

ነገር ግን ጸሐፊው የነካኩትና ጠበቅ አድርገው መናገር የነበረባቸው ነገር አለ። ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም። 2ኤንዜድ በካቴና (በሰንሰለት) የሚሠራ ነው። ቴስታታውን ለማውረድ የፊት ሽፋኑ ይከፈታል፣ ካቴናው ይወጣል። ሲመለስ ምልክቶቹ በትክክል ካልገጠሙ ባልቦላና ፒስቶን ይጋጫሉ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ እንዲሆን አልመክርም፤ የሠራ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ በቀር። የድሮው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለው ኮሮላ ግን በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) ነው የሚሠራው። ቦታው ሰፊ ነው፣ ታይሚንጉ (የምልክቶቹ አገጣጠም) ቢሳሳትም ባልቦላው ፒስቶን አይመታም። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የዋህ ሞተር የለም ማለት ይቻላል። «ቴስታታ አትንኩ» ከማለት «የትኛውን ቴስታታ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ምን ያህል ተነዳች? መምህሩ እንዳደረጉት ወዲያው ያቆመ ሰው ጉዳቱ ቢኖር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው። «ቤት ልድረስ» ብሎ ከዱከም እስከ ቱሉ ዲምቱ እየጨሰች የነዳ፣ ከዚያም የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ ሰው ግን ስለ ቴስታታ ብቻ ማሰብ የለበትም። ፋሻውም ከሙቀቱ ደክሞ ይሆናል፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅም ይችላል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቴስታታ ብቻ ሠርቶ መግጠም፣ በራስ ይሁን በጋራዥ፣ ገንዘብ መበተን ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ወጪና ጊዜ። በግማሽ እስማማለሁ። ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በአንድ ቅዳሜ አይጨርሰውም። አንድ ቡሎን ይሰበራል፣ አንድ ጓርኒሲዮን ይረሳል፣ ሱማሌ ተራ ተመልሶ መሄድ ይመጣል። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ደግሞ ቀኑን ይበላዋል። መኪናዋ እስክትነሣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማላችሁ። ያንን የማይችል፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወይም መኪናዋን ሥራ ላይ ያሰማራ ሰው፣ ለጋራዥ ቢከፍል አይፈረድበትም።

መሣሪያው ግን ያን ያህል አያስፈራም። ደህና የቡሽላ (የቡሎን መፍቻ) ስብስብ ብትገዙ ከሥራው በኋላም ይቀርላችኋል። ቶርክ ቁልፉን መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል። ደግሞ ጸሐፊው መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ቆማ የምትውልባቸውን ሳምንታት ለምን አልቆጠሩም? «ነገ ትወጣለች» የተባለች መኪና ስንት ነገ እንደምታይ ጋራዥ የሚያውቅ ሰው አይስተውም።

ዋስትናን በሚመለከት አጭር ነኝ። ዋስትና በወረቀት ከተጻፈ፣ ምን እንደተሠራና ምን ዕቃ እንደገባ ከዘረዘረ፣ ዋስትና ነው። «ችግር ካለ ይምጡ፣ እዚህ ነን» ዋስትና አይደለም። አስጎትታችሁ ስትመለሱ «ይሄ እኮ ሌላ ነገር ነው» ይባላል። ጋራዥ ከመረጣችሁ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ በግፊት መፈተሹን፣ ስንት እንደተላጠና የትኛው ጓርኒሲዮን እንደገባ በጽሑፍ ጠይቁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ። የሚቆጣ መካኒክ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ጥሩ መካኒክ አይቆጣም፤ ደስ ይለዋል እንጂ። እንዲህ ዓይነት መካኒኮችም አሉን፤ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም።

ቪዲዮ። «ከቪዲዮ የተማረ ሞተር ይገድላል» ያሉት እውነትነት አለው፤ ግን ቪዲዮው አይደለም የሚገድለው። የሚገድለው የሌላ ሞተር ቪዲዮ አይቶ የራስን መፍታት ነው። አንዱ ወንድማችን ባለ 1.0 ቪትዝ ይዞ የ1.5ቱን ያያል። «ቪትዝ ቪትዝ ነው» ይላል። የሞተሩ ስም ቀድሞ ይታወቅ። ኮፈን ሥር ያለው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የዚያን ሞተር የጥገና መጽሐፍ ፈልጉ። ቪዲዮ እጅ እንዴት እንደሚገባ ያሳያችኋል። ቁጥሩን የሚሰጣችሁ መጽሐፉ ነው። ደግሞ የእኛ መካኒኮች ከማን ተማሩ? አብዛኞቹ በልጅነታቸው ረዳት ሆነው ገብተው፣ ቁልፍ ሲያቀብሉ አይተው ነው የተማሩት። በማየት መማርን የሚንቅ ሰው ሙያውን ራሱን እየናቀ ነው።

የመጨረሻው ትልቁ ነጥብ ሞተር መቀየር ነው። ይህ ምክር እጅግ ያሳስበኛል፤ ቀላል ስለሚመስል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የምትገዙት የማታውቁትን ታሪክ ነው። የእናንተ ሞተር ቢያንስ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። የተገዛው ሞተር ራሱ ሞቆ ከወጣ መኪና የተነቀለ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ ተቀምጦ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ሁሉም ሞተር ጤነኛ ነው። ካልቀረ ደግሞ ሳትገዙ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ፤ ሻጩ ካልፈቀደ ጥላችሁ ሂዱ።

ሕጋዊው በኩልም አለ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ሰፍሯል። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ቁጥሩ ካልገጠመ መኪናዋ መቆሟ ነው። የሞተሩ የግዢ ሰነድ ተይዞ፣ ለውጡ በትራንስፖርት ቢሮ መመዝገብ አለበት። ያለ ሰነድ ርካሽ ሞተር ያገኘ ሰው መኪናውን ለመሸጥ ሲወጣ ርካሽነቱ ያኔ ይገባዋል። የራሳችሁ ሞኖብሎክ ደህና ከሆነ ቴስታታውን ጠግኖ መቀጠል ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ታዲያ ማን ይፍታ? ቦታ ያለው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፤ ዘይት ካፈሰሳችሁ ኮሚቴው በሩን ያንኳኳል፣ እውነትም አለው። በዚያ ላይ በእኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይነሣል። ክፍት ሲሊንደር ውስጥ የገባ አሸዋ የሠራችሁትን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ግቢ ያለው ዘመድ ገላን ወይም ለገጣፎ ካላችሁ እዚያ ብትወስዷት ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ጣራ ሳይኖር አትጀምሩ። ፎቶ እያነሣችሁ ፍቱ። ቡሎኖቹን በየቦታቸው ካርቶን ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ልጆች አጠገብ አይጫወቱ፤ አንድ ዳዶ ጠፋ ማለት አንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

መፍታቱን የሚፈራ፣ ምርመራውን ግን በራሱ ዓይን ያየ ሰው ጋራዥ ሲሄድ ሌላ ሰው ነው። «ቱቦው ሞተሩ ሳይሞቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ሁለተኛው ካንዴላ ታጥቧል» ብሎ ሲገባ መካኒኩም ቃላቱን ይመዝናል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቡሎን ሳይነካ ከሥራው ዋናውን ክፍል ሠርቷል እላለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «ከተሠራ በኋላ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ መሄድ ነው» ብለዋል። እባክዎን እንዲህ አይበሉ። ራዲያተሩን ደለል ያስያዘው፣ የውሃ ፓምፑን ያዛገው ያ የቧንቧ ውሃ ነው። ኩላንት ይግባ፤ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ተደባልቆ። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል፤ ለእኛ ከፍታ ይህ ቅንጦት አይደለም። ቴርሞስታቱም ወደ ቦታው ይመለስ። «አሞቀ» ሲባል አውጥቶ የመጣል ልማድ አለብን። ያለ እሱ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፈጥኖም ያልቃል።

ስትሞሉ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ቀስ እያለ ይሙቅ፤ አየሩ በአረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ትጨምራላችሁ። ይህ የጓርኒሲዮን አረፋ አይደለም፤ ጥቂት ቆይቶ ያቆማል። ፋኑ ተነሥቶ ሲጠፋ ካያችሁ በኋላ ክዳኑን ዝጉ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ውሃውን እንደገና ተመልከቱ፤ ትንሽ መቀነሱ የተለመደ ነው፣ ሙሉት። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን እዚሁ ሰፈር ውስጥ ንዷት፤ አዳማ ትቆይ።